ሁለት አለህ አይደል?

ብዙ ተከራይ የሚኖርበት ግቢ ሁሉ አንድ ለጋስ አያጣም። የራሱን የሚሰጠውን ዓይነት ማለቴ አይደለም፤ እሱ ማንንም አያስቸግርም፣ ሲሞትም በደግነቱ ይነሣል፣ አለቀ። እኔ የምለው የሌላውን የሚሰጠውን ነው። ጃንጥላህን ዝናብ ለያዘው መንገደኛ፣ ቅዳሜህን ቤት ለሚቀይር ጎረቤት፣ ትከሻህን ለማታውቀው ሰው ቁም ሣጥን ይሰጣል። ሰጥቶ ሲያበቃም ምርቃቱን የሚያወርደው በአንተ ላይ ነው። ልትቆጣ አፍህን ስትከፍት ምርቃቱ ቀድሞህ ደርሷል፤ ከተመረቀ ሰው ደግሞ ከአሜን ሌላ አይጠበቅም።

የእኛ ግቢ ለጋስ ክብርት እትዬ አገሬ ናቸው። ሹመቱን የሰጣቸው ሰው ባይኖርም በግቢያችን የእርዳታና መልሶ ማቋቋም ሚኒስትር ሆነው ያገለግላሉ። ከደብረ ታቦር በመምህርነት ተመድበው ጅጅጋ ሲገቡ ገና አንድ ሽበት አልነበራቸውም ይባላል። ባል ሳያገቡ፣ ዝውውር ሳይጠይቁ፣ የአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ እዚያው ሸበቱ። ዛሬ ከተማው ውስጥ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ቢሮ ውስጥ ማኅተም የያዘውም ግማሹ የእሳቸው ተማሪ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ባለሥልጣኑ እጁን ከኪሱ ያወጣል፤ ባጃጁ ደግሞ ቢጭናቸውም ሒሳብ አይጠይቃቸውም። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ የደከመው ሰው ሁሉ እንዲጫን ያደርጋሉ።

እኔ በእንስሳት ጤና ባለሙያነት ከደብረ ብርሃን ጅጅጋ የተመደብኩት በ2011 ዓ.ም. ነው። የተከራየሁት ከአዴር ሺሬ ግቢ ነበር። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ አከራያችንን ተከራዩ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲህ ብሎ ነው። በመጀመሪያው ቀን እቃዬን ሳወርድ አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያጣፉ ሴት መጥተው ሳይጠየቁ ያግዙኝ ጀመር። አጎንብሰው እያነሡ፣ እያጠፉ፣ እያስቀመጡ ሳለ ድንገት ቀና አሉና "ሁለት ብርድ ልብስ አለህ አይደል?" አሉኝ።

እኔ የእናት ጥያቄ መሰለኝ። ልጁ ብርድ ሳይፈራ አይቀርም ብለው የተጨነቁልኝ መሰለኝ። አዎ፣ ሁለት አለኝ አልኩ፤ እንዲያውም ሁለተኛው የተሻለው ነው ብዬ አሳየኋቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ የተሻለው ብርድ ልብስ የትምህርት ቤታቸው ዘበኛ ትከሻ ላይ ነበር። ዘበኛው በማግስቱ በር ላይ አግኝቶኝ ዕድሜ ሰጠኝ፣ ልጅ ሰጠኝ፣ ከክፉ ነገር ሁሉ ሰወረኝ። ምን እላለሁ? አሜን አልኩ።

"ሁለት አለህ አይደል?" ማለት በግቢያችን ከፍተሻ የባሰ ነገር ነው። እትዬ አገሬ ጓዳ አይገቡም፣ ሣጥን አይከፍቱም፤ የሰው እቃ ያለፈቃድ አይነኩም። ይጠይቃሉ ብቻ። ጥበባቸው የሚጠይቁበት ቦታ ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚጠይቁት ችግረኛው አጠገባቸው በቆመበት ነው። ነጠላ ጫማው የተበጠሰ ሰው ይዘው በርህ ላይ ይቆሙና ስለ ጫማ ይጠይቁሃል። እዚያ ላይ የሚዋሽ ሰው ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን አይደለሁም። ቢቸግረኝ ሁሉን ነገር አንድ አንድ እያደረግሁ መግዛት ጀመርኩ። የንስሐ አባታችን እንኳ ግቢያችን ለጠበል ሲመጡ ጃንጥላቸውን ይዘው አይመጡም፤ ቤት ትተውት ዝናብ ቢመታቸው ይመርጣሉ።

አንድ ቀን ይህ ነገር ልክ አይደለም ብዬ ሞገትኳቸው። ሰው የለፋበትን እንዲይዝ እግዚአብሔርም ይፈቅዳል አልኩ። እሳቸው ቲማቲም እየከተፉ ነበር፤ ቲማቲሙም ቢላዋውም የእኔ ነው።

"ማን ከለከለህ?" አሉኝ ቀና ሳይሉ። "አንዱ ያንተ ነው። ሁለተኛው አደራ ነው።"

ሃይማኖታቸው በአጭሩ ይኼ ነበር። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በተገናኙበት ዓመት ይህንኑ ሃይማኖት ምድጃ ላይ ጣዱት። የጾም ምግብ ለሁሉም ይሆናል አሉና፣ በእኔ መጥበሻ፣ በእኔ ዘይት፣ የምስር ሳምቡሳ እየጠበሱ ማታ ማታ ለአዴር ሺሬ ቤት ማፍጠሪያ ያደርሱ ነበር። የአዴር ሺሬ ሚስት ኩልሱም በልዋጩ ተምር ይልካሉ፤ ተምሩ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ለሌላ ሰው ይተላለፋል። ከዚያ ሁሉ ተምር የደረሰኝ ምርቃቱ ብቻ ነው።

እንግዲህ በዚያው በ2014 ዓ.ም. ነው እኔ ያገባሁት።

ሶልያና አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። ፋርማሲስት ናት፤ ለእኔ ስትል ወደ ጅጅጋ ለመዛወር ጠይቃ ተፈቅዶላታል። ለዚህ ውለታዋ የሚመጥን ቤት ማዘጋጀት ነበረብኝና እዚያው ግቢ ሰፋ ያለ ክፍል ተከራየሁ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀባሁ፣ ሰፊ አልጋና አዲስ ፍራሽ ገዛሁ። ለሰርጉ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ቁልፉን ለማን ልስጥ? ለእትዬ አገሬ ሰጠሁ። አልጋውን አንጥፈው፣ ቤቱን ጠርገው እንዲጠብቁን ለመንኳቸው። እሳቸውም በደስታ እንባ አቀረሩ።

ሰርጉ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሆነ። ከዚያ ሙሽራዬን ይዤ ተመለስኩ። ሐረርን አልፈን፣ ባቢሌን አልፈን፣ ካራማራን ስንወጣ ስለ ቤታችን እያወራሁላት ነበር፤ የመጋረጃውን ቀለም ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ግቢው የደረስነው ቀትር ላይ ነው። እትዬ አገሬ እልል ብለው ተቀበሉን፣ ሶልያናን አገላብጠው ሳሟት፣ አበባ የመሰለች ልጅ ነው ያመጣኸው አሉኝ። የቤቴ በር ክፍት ነበር። ለክብራችን የተከፈተ መስሎኝ ሶልያናን አስቀድሜ አስገባኋት።

አልጋችን ላይ አንዲት አሮጊት ተኝተዋል። አዲሱ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው ተስቦላቸዋል። ከአልጋው ሥር ደግሞ አንዲት ጎልማሳ ሴት ተቀምጣ ሩዝ ትለቅማለች።

ማን እንደሆኑ እትዬ አገሬ በረንዳው ላይ አስረዱኝ። አሮጊቷ ዐርዶ ይባላሉ፤ ልጃቸው ናስትሆ ናት። ከሐርተሼክ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ከብት አርቢዎች ናቸው። ድርቁ ከብቶቻቸውን ከጨረሰ በኋላ በጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ ከተማ ሲመጡ አሮጊቷ ሲወርዱ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪም ቤት ታከሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን አጥንቱ እስኪገጥም ሳይነሡ እንዲተኙ፣ ለክትትልም ቅርብ እንዲሆኑ ታዘዙ። ከተማው ውስጥ ዘመድ የላቸውም። እትዬ አገሬ ያገኟቸው የሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ከናስትሆ ጋር ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ተጠግተው ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ሰምቼ "እትዬ አገሬ፣ ይኼ እኮ የሙሽራ አልጋ ነው" አልኩ።

"ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩት" አሉኝ። "የእኔ አልጋ መሐሉ ጎድጉዷል። አዲስ ፍራሽ ለዳሌ ጥሩ ነው።"

ዞር ስል ሶልያና ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። የሙሽራ ሂና ከእጇ ገና አልለቀቀም። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችምም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ብቻ ጠየቀችኝ። ትዳሬ በረንዳ ላይ ተጀምሮ በረንዳ ላይ ሊያልቅ ነው ብዬ ፈራሁ።

አሮጊቷ ከውስጥ የሰው ድምፅ ሲሰሙ ልጃቸውን ላኩ። ናስትሆ መጥታ እናቷ እንግዳዋን ማየት እንደሚፈልጉ ነገረችን፤ አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው፣ ግን ይበቃል። ሶልያና ነውር እንዳይሆንባት ብላ ገባች። አሮጊቷ ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው መስሏቸው እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው በሶማሊኛ ይመርቋት ጀመር። ምርቃቱ ረጅም ነው። ናስትሆ ከሥር ከሥሩ ትተረጉማለች፦ ቤትሽ ወተት አይጣ፣ በርሽ እንግዳ አይጣ፣ የወለድሽው ይደግ።

በመሐሉ የሂናውን ቀለም አዩ። እጇን አገላብጠው ተመለከቱት። ዓይናቸው ወደ መጋረጃው፣ ወደ አዲሱ ብርድ ልብስ፣ በር ላይ ወዳለው ሻንጣ ሄደ። ልጃቸውን አንድ ነገር ጠየቁ፤ ናስትሆ አቀርቅራ መለሰች።

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ከላያቸው ገፈፉ። አልጋውን ጨብጠው ለመነሣት ሲሞክሩ ፊታቸው በሕመም ጨመደደ፤ ከንፈራቸውን ነክሰው ግን መሞከራቸውን አልተዉም። ናስትሆ ልትይዛቸው ብትል ገፏት። ሙሽራ ከአልጋዋ አትነሣም፣ እኔ ውጭ እሆናለሁ ነው የሚሉት።

የያዘቻቸው ሶልያና ናት። ትከሻቸውን ደግፋ፣ ቀስ አድርጋ፣ መልሳ አስተኛቻቸው። ብርድ ልብሱንም መልሳ እስከ አገጫቸው ሳበችላቸው።

"ንገሪልኝ" አለቻት ለናስትሆ። "አልጋው የሳቸው ነው በይልኝ። እስኪድኑ ድረስ የሳቸው ነው።"

ከዚያ የመድኃኒታቸውን ከረጢት ጠየቀች። ፋርማሲስት አይደለች? አንዱን የሕመም ማስታገሻ ያለምግብ ሲወስዱ እንደቆዩ አወቀች። ሩዙ ይጣድ አለችና የነጠላዋን ጫፍ ወገቧ ላይ አሰረች። የአውቶቡሱ ነገር በዚያው ተረሳ።

እትዬ አገሬ የራሳቸውን ክፍል ለእኛ ለቀው እሳቸው ኩልሱም ዘንድ ማደር ጀመሩ። የእኔና የሶልያና የጫጉላ ጊዜ መሐሉ የጎደጎደ አልጋ ላይ አለፈ። ወደየትም ብትገለባበጥ መሐል ላይ ትገናኛለህ፤ ብንኳረፍ እንኳ አልጋው አይፈቅድም ነበር። የእትዬ አገሬን ቤት በቅርብ ያየሁት ያኔ ነው። አንድ ኩባያ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ወንበር። የቀረው ሁሉ ሄዷል። ስንቱን ዓመት የሌላውን ሁለተኛ ሲያድሉ የራሳቸውን አስቀድመው ጨርሰው ኖሯል። ሻይ ስንጠጣ ሶልያና ግማሹን ጠጥታ ለእኔ ትሰጠኛለች፤ አንዱ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ሌላው ደፍ ላይ ይቀመጣል። ኩባያ መግዛት አቅቶን አልነበረም። ሶልያና ነች የከለከለችኝ፤ እንዲሁ ደስ ብሏት።

አሮጊቷ ክረምቱ ሲገባ በምርኩዝ ግቢውን መዞር ጀመሩ፤ ከዚያም ወንድ ልጃቸው መጥቶ ወሰዳቸው። ሶልያና ባጃጁ እስኪርቅ ድረስ ቆማ አለቀሰች። እስከ ዛሬ ሶማሊኛዋ የአሮጊት ሶማሊኛ ነው ይሏታል፤ ገበያ ስትሄድ ነጋዴዎቹን ሁሉ ትመርቃቸዋለች።

ይህን ሁሉ የሰማ ሰው እትዬ አገሬ አንድም እንከን የለባቸውም ሊል ይችላል። አለባቸው። በሚቀጥለው ዓመት ታመሙና እንከናቸው ወጣ።

የሐሞት ከረጢታቸው ጠጠር ይዞ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ዕቃ እንዳያነሡ፣ እንዳያጎነብሱ፣ ደህና አድርገው እንዲበሉ ታዘዙ። ግቢው ይህችን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ተነሣ። ይሄውልህ፣ ያን ሁሉ ዘመን የሰጡ ሰው ዛሬ ተራቸው ደረሰ ብለን ተሯሯጥን። ሶልያና የዶሮ ሾርባ ሠራች። ኩልሱም ሩዝ በወተት ቀቀሉ። እኔ ፍራሽ ገዝቼ ያንን ጎድጓዳ ቀየርኩ።

ሾርባው ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተሰጠ። ሩዝ በወተቱ አጥር አልፎ፣ ከማዶ ለምትኖር አራስ ደረሰ። ፍራሹን በማግስቱ ባጃጅ ላይ ሲጫን ደርሼ አስወረድኩት። ሶልያና እዚያው ፊቷ እንዲበሉላት ብላ ብትቀመጥ፣ አሁን ጠግቤአለሁ ኋላ እበላለሁ ይሏታል። ልብሳቸውን ልጠብ ብትል፣ ንጹሕ ነው ይላሉ። ውሃ ላምጣ ብትል፣ አለኝ ይላሉ። የሰው ችግር ከሩቅ የሚሸታቸው ሴት የራሳቸው ሲሆን አፍንጫቸው ተደፈነ።

እየከሱ ሄዱ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከሥራ ለጉዳይ ብመለስ ግቢው መሐል ሰው ተሰብስቧል። እትዬ አገሬ ውሃ የሞላ ጀሪካን ይዘው ከቧንቧው ሥር ወድቀዋል። ቁስሉ አመርቅዞ፣ ትኩሳቱ አቃጥሏቸው፣ ለማንም አልተናገሩም። ተሸክመን ሐኪም ቤት ወሰድናቸው። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ፊታችንን ሲያይ ሳይጨርሰው ተወው። ሶልያና ኮሪደሩ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔን የሚያምኑኝ አይመስለኝም፣ እጄን ቢጠየፉት ነው እንጂ ለምን አይበሉልኝም ነበር ትለኛለች።

ዳኑ፤ ግን ቤት እንደተመለሱ ያው ሆኑ። ኩልሱም የላኩትን ሰሃን ለማን እንደሚሰጡት ሲያስቡ ዓይናቸው ላይ ይነበባል።

ያኔ ነው አዴር ሺሬ የመጡት። ምርኩዛቸውን በር ላይ አስደግፈው ያችኑ አንዷን ወንበር ስበው ከአልጋው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ብዙ የሚናገሩ ሰው አይደሉም። ሶልያና ውሃ ይዛ ቆማለች፤ እኔ በሩ ጋ ነኝ።

"አባዮ" አሏቸው፤ እህቴ ማለታቸው ነው። "አንቺ ስስታም ሴት ነሽ።"

እትዬ አገሬ በሕይወታቸው እንዲህ የተባሉ አይመስለኝም። ተነሥተው ሊቀመጡ ሲሉ አዴር ሺሬ በእጃቸው መለሷቸው።

"የመስጠትን ደስታ ብቻሽን በልተሽ ልትጨርሺው ነው" አሉ። "ምግብ ታካፍያለሽ፤ ልብስ ታካፍያለሽ። አጅሩን ግን፣ የፈጣሪን ዋጋ፣ ለማንም አታካፍይም። ለእኛስ? እኛስ ምን ይዘን ፊቱ እንቁም?"

አዴር ሺሬ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"በዚያ በክፉው ሐምሌ ጓዳዬ ልትሸሸጊ የገባሽ ቀን" አሉ፣ "በር ላይ ቁጭ ብዬ ሳድር ፈርቼ ነበር። ግን እንደዚያ ቀን ሰው ሆኜ አላውቅም። ያንን የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ፤ ገብተሽ ነው የሰጠሽኝ። ለዚህች ልጅ ለምን ትነፍጊያታለሽ?"

እኔና ሶልያና ተያየን። በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ እኔ ወደ ጅጅጋ ከመምጣቴ በፊት፣ ከተማው ታውኮ አብያተ ክርስቲያናት በተቃጠሉበት ሰሞን እትዬ አገሬ የት እንደነበሩ ጠይቀናቸው አናውቅም። እሳቸውም አላወሩም፣ አዴር ሺሬም አላወሩም። አንድ ግቢ ውስጥ ስንኖር ሁለቱ ይህን ያህል ነገር በመሐላቸው ይዘው በየጠዋቱ እንደማንኛውም ጎረቤት ሰላምታ ይለዋወጡ ነበር።

እትዬ አገሬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። አዴር ሺሬ አልቸኮሉም፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ መቁጠሪያቸውን ማንከባለል ጀመሩ። ኋላ እትዬ አገሬ ሳይዞሩ ተናገሩ። ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም።

"ጌታም ሳምራዊቷን ለምኗታል" አሉ። "ደክሞት ነበር። ለምኗታል።"

ከዚያ ዞሩና ሶልያናን አዩአት።

"ልጄ፣ ውሃ አጠጪኝ።"

ሶልያና ጠጋ ብላ አንገታቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው። ትንሽ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ፤ በነጠላዋ ጠረገችላቸው። አዴር ሺሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ቤተ ክርስቲያን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ፤ ስጡ ያልተባልኩበት እሑድ ትዝ አይለኝም። መቀበልን ያስተማረኝ ግን ያ ቀን ነው፤ ሰባኪው ደግሞ ከመስጊድ የመጡ አዛውንት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ እትዬ አገሬ ተቀባይ ሆኑ፤ አንድ ነገር ሲጀምሩ ግማሽ አያውቁም። ሾርባው ጨው አነሰው፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም፣ ነጠላዬ ሲታጠብ እንዲህ አይጨመቅም። ሶልያና አንድ ቀን አማት አገኘሁ አለችኝ። እያጉረመረመች አልነበረም። ጠዋት ከሥራዋ በፊት ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው ድምፃቸው እስከ በረንዳው ይሰማል፤ ቀስ በይ ይሏታል፣ ደግሞ አቋርጠው ያስቋታል።

ቁስላቸው ድኖ፣ ሥራቸውም ላይ ከተመለሱ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ በራችንን አንኳኩ። ከፍቼ ባያቸው ብቻቸውን ናቸው። አጠገባቸው ችግረኛ የለም። ከኋላቸውም ተመለከትኩ፤ ማንም የለም። ነጠላቸውን እያጣፉ፣ እየፈቱ፣ መልሰው እያጣፉ ቆሙ።

"ሽንኩርት አላችሁ?" አሉ በመጨረሻ።

ለማን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

"ለራሴ ነው" አሉ። "ምስር ወጥ አማረኝ።"

ሶልያና ከውስጥ ሰምታ ያለንን ሽንኩርት በሙሉ በፌስታል አድርጋ ሰጠቻቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብለው ሄዱ። ትንሽ ቆይቶ ሽንኩርቱ ሲቁላላ ሽታው ግቢውን ሞላው። እኔ ውጭ የሚሠራ ነገር እንዳለው ሰው በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር የእትዬ አገሬን በር እየጠበቅሁ ነበር። ሰሃን ይዞ የወጣ ሰው አላየሁም። በመስኮቱ አሻግሬ ሳይ፣ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ ተረጋግተው ይጎርሳሉ።

በአገራችን ብቻውን የሚበላ ሰው አይወደድም። እኔ ግን ሰሃኑን በእንጀራ እስኪጠርጉት ቆሜ አየኋቸው። ምሳዬን ገና አልበላሁም ነበር፤ ጠግቤ ገባሁ።